መቋሚያና ሲንቄ

ደረቅ በትር የጠነከረ መሬት ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ ከሌላ ከማንኛውም ድምፅ ይለያል፤ አጭርና ደፋር ነው፣ ከጆሮም ይልቅ በእግር ጫማ በኩል የሚሰማ ይመስላል። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ባሕር ማዶ ሊቶኒያ በምትባል ከተማ ባለው የልጄ የሰላም ቤት ሳሎን ተቀምጬ ሳነብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይኸው ድምፅ ከጎረቤታችን ጓሮ መጣና መጽሐፉን አስዘጋኝ። ጎረቤታችን ሚስ ዳሊያ ጡረታ የወጣች የሙዚቃ አስተማሪ ናት። ክርስቲያን አይደለችም፤ ከክርስትና በፊት የነበረውን የአያቶቿን ልማድ እንደምትከተል ሳትደብቅ ትናገራለች። በዓመቱ አጭሩ ቀን ወዳጆቿን ሰብስባ እሳት ታነዳለች፣ እንግዶቿም በረጃጅም በትር መሬቱን እየመቱ ብርሃን እንዲመለስ ይዘፍናሉ።

የልጅ ልጄ ሊያ ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ቆማ ነበር። ፒያኖ የምታስተምራት ሚስ ዳሊያ አንድ የገና መዝሙር እንድታሰማቸው ጋብዛታለች። እናቷ ሰላም ከሆስፒታል ሥራዋ ገና መግባቷ ስለነበር የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

«ማሚ፣ ፕሊስ! አንድ መዝሙር ብቻ ነው። ፕራክቲስ አድርጌያለሁ እኮ!»

«እሳት ከበው ለፀሐይ ከሚዘፍኑ ሰዎች ጋር አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ቸርች ውስጥ የሰማ ሰው ምን ይለኛል?»

«የምዘምረው እኮ የጂሰስን ነው።»

«የእሱ መዝሙር በየሄዱበት አይዘመርም!» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት። እኔን አልሰማ ብላለች።»

ሰላም የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በሌላው ቀን በጾም ጉዳይ ስንከራከር የምንውል አባትና ልጅ ብንሆንም፣ በዚህ ነገር ከጎኗ እንደምቆም አልተጠራጠረችም። ልመልስ አፌን ስከፍት በትሩ እንደገና ተመታ፤ ያደግሁበት ቤት በር ፊቴ ድቅን አለ። ሁለቱንም አስቀምጬ ስለዚያ በር ነገርኳቸው።

ያደግሁት በአርሲ ደጋ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለች ትንሽ የገበያ ከተማ ነው። አባቴ መሪጌታ አድማሱ ዜማ ጎጃም ተምሮ የመጣ የደብሩ መዘምራን መሪ ነበር። እናቴ ግን ከዚያው ከአርሲ ተወልዳ፣ ሰማዩን ዘረጋ የሚሉትን ዋቃን ሲለምኑ ከኖሩ ወላጆች አድጋ፣ ለጋብቻዋ ስትል ክርስትና የተነሣች ሴት ነበረች። በቤታችን ሁለት በትሮች ነበሩ። የአባቴ መቋሚያ፣ መዘምራን በማሕሌት ላይ ተደግፈው የሚቆሙበትና ዜማውን የሚመሩበት፣ በምሰሶው ላይ ይንጠለጠል ነበር። የእናቴ ሲንቄ፣ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን የክብር በትር፣ ከበሩ ኋላ ይቆም ነበር። ሁለቱንም መንካት ለእኛ ለልጆች ክልክል ነበር፣ ሁለቱ በትሮች ራሳቸውም ተነካክተው አያውቁም።

ክረምት ሲገባ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን አባቴ ተማሪዎቹን ቤት አምጥቶ ያስጠና ነበር። በመቋሚያው ወለሉን እየመታ፣ አንዱ ተማሪ የቸኮለ እንደሆነ ጣቱን አንሥቶ ሁሉንም ያስቆም ነበር፤ እኔ እንኳ በር ሳንኳኳ «ትቸኩላለህ» እያለ እንደገና ያስንኳኳኝ ነበር። እናቴ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ ድምፅዋ የሚሸፈን እየመሰላት የወገኖቿን ዘፈን ከጉሮሮዋ ታንጎራጉር ነበር። አባቴ ይሰማት እንደነበር የማውቀው፣ እሷ ባንጎራጎረች ቁጥር እሱ የዜማው ምልክት ከጠፋበት ቦታ ተመልሶ ይጀምር ስለነበር ነው።

መስቀል አልፎ ሜዳው በአደይ ሲሸፈን እናቴ ነፍሰ ጡር መሆኗ ታወቀ። ከእኔ በኋላ የወለደችው ወንድ ልጅ በሳምንቱ ሞቶባት ነበር፤ ያኔ የእናቷ ወገኖች ሊዘፍኑላት ሲመጡ አባቴ ከደጅ መልሷቸው ስለነበር ሐዘኗን ከዚያ ቀን ለይታ ማሰብ አልቻለችም። በወገኖቿ ሥርዓት ሴት በወለደች በአምስተኛው ቀን ሴቶች ሲንቄአቸውን ይዘው መጥተው፣ ከሞት አፋፍ በሰላም ተመለስሽ እያሉ ይዘፍኑላታል፤ ያልተዘፈነላት አራስ ገና ከመንገድ እንዳልተመለሰች ትቆጠራለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የአባቴን እግር እያጠበች ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«መሪጌታ፣ ዘንድሮስ ሰዎቼ ይምጡልኝ?»

«ልጄን ጥምቀቱ ይጠብቀዋል። በባዕድ አምልኮ ዘፈን አላስቀብለውም።»

እናቴ እግሩን አድርቃ ውኃውን ልትደፋ ወጣች፣ ከዚያም ቀን ጀምሮ ማንጎራጎሯን ተወች። አባቴ የፈለገውን ጸጥታ አገኘ፣ ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሲያስተምር እንደ ቀድሞው ደስ ሲለው አላየሁም።

ታኅሣሥ ገባ፤ ገብሱ ታጨደ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ በሣሩ ላይ እንደ ጨው ተበትኖ ይታይ ጀመር። እናቴ ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሴት ልጅ ወለደች፣ አምስተኛውም ቀን ከገና በዓል ማለዳ ጋር ገጠመ። አባቴ በማሕሌት አድሮ ነበርና ቤት አልነበረም። ፀሐይዋ ጭላሎን ስታልፍ የእናቴ አክስት አደ ሎሚ፣ «አደ» በአገሩ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው፣ ቁመቷ ከብዙ ወንድ የሚበልጥ አሮጊት፣ ሴቶቹን አስከትላ መጥታ በራችን ፊት አሰለፈቻቸው። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ሲንቄአቸውን አግድም ይዘው በሩን ዘጉና መዝፈን ጀመሩ። የሲንቄ ሰልፍ በተዘረጋበት ወንድ አያልፍም፤ ያለፈ ወይም በትሩን ያሳለፈ ሴቶቹ የሚፈርዱበትን ካሣ ይከፍላል። ይህን ሕግ በአገሩ የማያውቅ አልነበረም።

አባቴ የሌሊቱ ድካም ሳይለቀው፣ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ መቋሚያውን በትከሻው አድርጎ መጣና ከገዛ በሩ ተከለከለ። ጎረቤት ሁሉ በየአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ነበር። እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ከመዝጊያው ኋላ ቆማ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ በስንጥቁ እናየው ነበር።

«ወይዘሮ ሎሚ፣ ይህ ቤቴ ነው፤ ያሳልፉኝ» አለ አባቴ።

«ቤትህ የትም አይሄድ። ቁም!» አለችው። አማርኛዋ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ስለነበር፣ ቆመው የሚያዩት ሰዎች ሳቃቸውን በነጠላቸው ያፍኑ ጀመር።

አባቴ ቆመ። በጓሮ በኩል መዞር ይችል ነበር፣ አልዞረም። ሴቶቹ ዘፈኑን ቀጠሉ፤ ዜማው ቀስ ብሎ ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል፣ ከእሱም ጋር ሲንቄዎቹ አብረው ከፍና ዝቅ ይላሉ፣ ልክ በማሕሌት ላይ መቋሚያዎች እንደሚያደርጉት። ፊቱ ተቋጥሮ ሲያዳምጥ ቆየ። ከሴቶቹ አንዷ ትቸኩል ነበር፤ ሁልጊዜ ከጓደኞቿ ቀድማ ትመልስ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሚቸኩል ሰው ሲያስቆም የኖረው አባቴ፣ ያደረገውን ሳያውቅ መቋሚያውን ከትከሻው አውርዶ መሬቱን መታና ምቱን አቃናላቸው። ደግሞም መታ። ሴትዮዋ ተስተካከለች። እሱ ግን ዜማውን ሲከተል አንድ እርምጃ ቀርቦ ስለነበር የመቋሚያው ጫፍ ከሲንቄዎቹ ሰልፍ ወዲህ ገብቶ ተተክሏል።

ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ የበትሩን ጫፍ ልብ ብሎ ያየው ያኔ ነው።

«ገብተሃል፤ ካሣ አለብህ!» አለች አደ ሎሚ። ሁላችንም በግ የምትል መስሎን ነበር። እሷ ግን መቋሚያውን በአገጯ እያመለከተች ጠየቀችው፤ «ሌሊቱን የት አደርክ?»

«ማሕሌት።»

«ለማን ስትዘምር?»

«ለእመቤታችንና ለተወለደው ልጇ።»

«ለአራስና ለልጇ አድረህ ዘምረህ፣ ሌላ አራስ ደጅህ ላይ ስትጠብቅህ ዝም ትላታለህ? ካሣህ እሱ ነው። ያንኑ ለዚህችም ዘምርላት።»

የሚመልሰው ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ፤ አባቴ በጥቅስ የሚረታ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ዓይኑን ወደ መዝጊያው አቅንቶ፣ የሌሊቱ ዝማሬ ባጎረነነው ድምፅ፣ የልደቱን ዜማ በግእዝ ጀመረ። ሴቶቹ ቃሉን አያውቁትም ነበር፤ ቢሆንም እሱ በተነፈሰ ቁጥር ባዶ የቀረውን ቦታ በራሳቸው ዜማ ይሞሉት ነበር። እናቴ መጀመሪያ ግንባሯን ከመዝጊያው ጋር አስደግፋ አለቀሰች፣ ቀጥላም ሳቀችና በሩን ከፈተችው። የዚያን ዕለት አባቴ ጾሙን የፈታው ሴቶቹ ባገነፉት የአራስ ገንፎ ነው። እናቴ ስለ ዘፈኑ ስትጠይቀው ቅቤውን ከጣቱ እየጠረገ «ሁለተኛዋ ሴትዮ ትቸኩላለች» አለ እንጂ ሌላ ነቀፋ አላወጣም። ከዚያ ወዲያ እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንጎራጉር ነበር፣ እሱም ምልክቱ አይጠፋበትም ነበር።

ታሪኩን ስጨርስ ሰላም ጠየቀችኝ።

«ያቺ ሕፃን እቴቴ አልማዝ ናት?»

«እሷው ናት።»

«ለካ ለዚህ ነው ስልክ ላይ እንደዚያ የምትጮኸው!» አለችና ሳቀች። ከዚያም ሳቋን ሰብስባ፣ «ሊያ ግን እሳቱን አትዞርም» አለችኝ።

«አትዞርም።»

«የእነሱንም አትዘፍንም።»

«የራሷን ትዘምር፤ የእነሱን በጨዋ ደንብ ታዳምጥ። እኔም አጠገቧ እቆማለሁ።»

ሰላም ካፖርቷን በሥራ ልብሷ ላይ ደረበች። እኔ ከአገር ይዤው የመጣሁትን የአባቴን መቋሚያ አንሥቼ፣ ሦስታችንም ሣሩን አቋርጠን ሄድን። እነ ሚስ ዳሊያ ሲያዩን በትሮቻቸውን ዝም አሰኙ። ሊያ ከእሳቱ ራቅ ብላ ቆማ በጨለማ ስለ ተወለደው ሕፃንና ስለ እናቱ በአማርኛ ዘመረች፤ ቃሉን የሚያውቅ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም፣ ሆኖም ሰዎቹ በሁለተኛው ዙር ከሥር ከሥሯ ያዜሙላት ጀመር። ሰላም መጀመሪያ እጇን አጣምራ ነበር፤ ኋላ ግን ልጇ ከፍ ወዳለው ድምፅ ስትደርስ አብራት ዘመረች።

በልጅነቴ ሁለቱን ዜማዎች ያገናኛቸው የተዘጋ በር ነበር፤ አደ ሎሚ ባትከለክለው አባቴ አልፎ ይገባ ነበር። እዚህ ሊቶኒያ የአንዱ ሣር ከሌላው ሣር ጋር ስለሚያያዝ በትር ዘርግቶ የሚያስቆም ሰው የለም፣ ስለዚህም ሰው ከጎረቤቱ ሳይገናኝ ብዙ ዓመት መኖር ይችላል፤ መሻገሩን ራሱ ማሰብ አለበት። መቋሚያው ከዚያ ቀን ወዲህ ከበሩ ኋላ፣ ከሰላም ጃንጥላ አጠገብ ይቆማል። ሊያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳትጠይቅ ታነሣውና ወለሉን እየመታች ትዘምራለች። በአባቴ ቤት ይህ የማይሞከር ነበር። እኔ ግን አልከለክላትም፤ ከመጽሐፌ ቀና ሳልል «ትቸኩያለሽ» እላታለሁ፣ እሷም እንደገና ትጀምራለች።