ኢሜሌን በሥርዓት አስቀምጬ መኪና አመለጠኝ

ዛሬ ጠዋት ቦንጋ ላይ ወደ ቢሮ ስሄድ፣ ሠልጣኞችን ወደ ደካ የምትወስደው የመሥሪያ ቤታችን መኪና አጠገቤ አለፈች። ጋቢና የተቀመጡት የሥራ ባልደረባዬ እትዬ አስካለ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

እትዬ አስካለ ኢሜላቸውን ከፍተው አያውቁም። "የቸኮለ ይደውላል" ይላሉ።

እኔ ግን ኢሜሌን በየፈርጁ ከፋፍዬዋለሁ። የሥልጠና ጥሪ ሁሉ በራሱ "ቆይቶ የሚነበብ" ውስጥ ይገባል። ለላኪውም "መልእክትዎ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ" የሚል መልስ በራሱ ይሄዳል። ጨዋ ሰው ነኝ።

ጸሐፊያችን ጋ ደወልኩ።

"መልስ ላልሰጡት ሁሉ ደውያለሁ" አለችኝ። "አንተማ ወዲያው ደርሶኛል ብለሃል። ስትቀር ሐሳብህን የቀየርክ መሰለን።"

ደካ እናቴ አለች። ይሄ ሥልጠና መጥቶ እስካያት ክረምቱን ሙሉ ስጠብቅ ነበር።

ቀትር ላይ እትዬ አስካለ ደወሉ። እናቴ ቤት ምሳ እየበሉ ነው።

"እናትህ ለምን ቀረ እያሉኝ ነው፣ ምን ልበላቸው?"

"ኢሜል እያስተካከለ ነው በሏቸው።"

እናንተስ፣ ሥርዓት አክባሪነታችሁ ምን አሳጥቷችኋል? እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በኢሜል ከላካችሁ ደርሶኛል እላችኋለሁ።