የግማሽ ዋጋ ሙሾ

አባቴ ፒያሳ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስለ ዋጋ ግን ከግምጃ ቤት ሹም በላይ አውቃለሁ ባይ ነው። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ሁሉ ነገር ለምን እንደተወደደ ሲጠየቅ ጠገራው ብር በወረቀት መተካቱን ያነሳል። "ወረቀት ቀላል ነው፣ ከእጅ ይበራል" ይላል። እሱ ራሱ የሱሪ ማሰፊያ ሲጨምር ምክንያቱ የክር መወደድ ነው። ክርና መርፌ የማይገዛ ሰው ከጨመረ ግን ስግብግብ ነው። ፀጉር ቆራጩም፣ ወጌሻውም፣ ከሁሉም በላይ አልቃሿ በዚህ ችሎት ተፈርዶባቸዋል።

"እንባ ከገበያ አይገዛም! ምን አውጥታ ነው የምትጨምረው?" ይል ነበር።

የእናቴ ወንድም ሲሞት ይህን እውቀቱን የሚያሳይበት ቀን መጣለት። እናቴ ያላት ወንድም እሱ ብቻ ነበር፤ አርበኛ ነበር፤ እንደ ወጉ እንዲለቀስለት እንጂ ሌላ አልፈለገችም። አባቴ ግን አልቃሿን በር ላይ አቁሞ ተከራከረ፤ ከግማሽ ዋጋ ንቅንቅ አልል አለ።

"ሸጋ፣ አያ። በግማሹ አለቅሳለሁ" አለች። አልተቆጣችም። አባቴ ደረቱን ነፍቶ ገባ።

በእኛ አገር አልቃሽ የሟችን ሕይወት ከልደቱ ጀምራ እስከ ሞቱ በግጥም ታወርዳለች። ለቅሶው ሜዳ ላይ አጎቴን አስወለደችው፣ ክርስትና አስነሳችው፣ አሳረሰችው፣ ዳረችው። ጠመንጃውን አንግቶ በረሃ ሊወርድ ሲል ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ አለች። ለቀስተኛው እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

"ምነው፣ ሰውየው ሳይዘምት ሊቀር ነው?" አለ አንድ ሽማግሌ።

አባቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እኔም አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ሳቄም መጥቶ ነበር።

ያን ጊዜ እናቴ ተነሳች። ግጥም አታውቅም፤ ቤት አልመታላትም። ወንድሟ ከበረሃ ሾልኮ ሲመጣ የቆሰለ እግሩን እንዳጠበችለት፣ ጠላት እንዳይደርስበት ቆሞ እንደበላ፣ ሲሄድም ዞሮ እንዳላያት ተናገረች። ሜዳው በእንባ ታጠበ። አልቃሿም አለቀሰች፤ ይህንኛው ዋጋ አልወጣለትም።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ የሞተባት ጎረቤት እናቴን ልትለምን መጣች። በነጻ ታለቅሳለች መባሉን ሰምታ ኖሯል። እናቴ አፏን ሳትከፍት አባቴ ዋጋ ጠራ፤ አልቃሿ ከምትጠይቀው አያንስም።

"ልፋት አለው" አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

እናቴ ፊቷን ወደ እሱ ሳታዞር፣ "ሌላ ወንድም የለኝም" አለችው።