እግር ያላወጡት እንቁራሪቶች

ፖሊሶች የያዙኝ ከአምስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወርድ ነው። ስለ ከተማው ወንዝ መበከልና አይተው ዝም ስላሉት ሹማምንት የጻፍኩት ጽሑፍ አስቀይሟቸው ኖሯል። ቦርሳዬ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ ሲያገኙ ነገሩ ሞላላቸው።

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ናት፤ እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና ትሸታለች። አዲስ ገቢ በሩ ሥር ይተኛል። ከመተኛቱ በፊት በምን እንደገባ ለሁሉም ይናገራል። ደንቡን የሚያስከብሩት አንገታቸው ላይ እንቅርት ያለባቸው የእሪ በከንቱ ሰፈር እናት ነበሩ። ሰፈራቸው ሊፈርስ ሲል በተጠራ ስብሰባ ላይ የልባቸውን ተናግረው ነው የገቡት።

«በምን ገባሽ ልጄ?»

«በእንቁራሪት፣ እማማ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ለመሳቅም ደክሞኝ ነበር። ያም ሆኖ ነገርኳቸው። የእንቁራሪት ግልገል ጅራቱን ጥሎ እግር የሚያወጣው ከአንገቱ እጢ በሚመነጭ ሆርሞን ትእዛዝ ነው። ሆርሞኑ ሕዋሱ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። ፋብሪካ የሚሠራቸው አንዳንድ ኬሚካሎች ቀድመውት ይቀመጡበታል። እኔና ባልደረባዬ የምናጠናው ይህንን ነው፤ ጠርሙሷ ውስጥ ያለውም ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ነው።

«አልገባኝም» አሉ እማማ።

«ታክሲ ያስቡ። መንዳት የማይችል ሰው የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሹፌሩ ቢመጣም ቦታ የለውም። መኪናው አይሄድም።»

«ግልገሉስ?»

«ይበላል፣ ይወፍራል። እግር ግን አያወጣም።»

«ሰውዬው ከወንበሩ ቢነሳስ?»

«እሱን ሳናይ ተያዝኩ።»

እንቅርታቸውን ዳሰሱ። «እኔ ላይስ ማን ተቀመጠ?»

«የእርስዎ ምናልባት የአዮዲን እጥረት ነው። ሹፌሩ ራሱ በቅጡ አልመጣም።»

«የወንበሩን ነገር ለመርማሪው እንዳትነግሪ። ሌላ ክስ ይወልድብሻል» አሉኝ።

በማግስቱ መርማሪው የተተየበ ቃል አቀረበልኝ። ጠርሙሷ ለከተማው የመጠጥ ውሃ የተዘጋጀ መርዝ እንደሆነች፣ የሰጠኝም ባልደረባዬ እንደሆነ ይላል።

«ፈርሚና ቤትሽ ግቢ።»

ቤቴን ፈለግሁት። አልጋዬን፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በሬን። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ባልደረባዬ ግልገሎቹ ያሉበት ገንዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ታየኝ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«ውሸት ነው። አልፈርምም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

እማማ የከለከሉኝን ሁሉ ነገርኩት፤ ሌላ ማብራሪያ ለመፈለግ አቅም አልነበረኝም። ወንበሩ ላይ ስደርስ መጻፉን አቆመ።

«ማንን ነው የምትዪው?»

«እንቁራሪት ነው ያልኩት።»

ስመለስ እማማ ፊቴን አይተው «ነገርሽው አይደል?» አሉ። ደንቡን ራሳቸው ሽረው ከበሩ ሥር አነሱኝ፤ ብርድ ልብሳቸውን ከፍለው አጠገባቸው አስተኙኝ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ስፈታ ባልደረባዬ ወደ ገንዳው ወሰደኝ። «ኬሚካል በሌለበት ንጹህ ውሃ ቀየርኩላቸው» አለኝ። ከግልገሎቹ የተወሰኑት ሞተዋል። የቀሩት ዘግይተውም ቢሆን እግር አውጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ዛሬ የእማማ ሰፈር ፈርሷል፤ የት እንደገቡ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ሰውዬው ከወንበሩ ቢነሳስ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱን ይዤላቸው እዞራለሁ።