አህያው የሚጠብቀው ልጅ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። እስካሁን እርሳስ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለማንም አጥርቼ ነግሬው ስለማላውቅ ዛሬ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ላሊበላ መናኸሪያው ፊት ለፊት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። መታወቂያ ኮፒ ሳደርግ፣ ማመልከቻ ስጽፍ እውላለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ሥዕል እሥላለሁ። ሰው ስሥል እጄ ይደናገራል፤ እንስሳ ሲሆን ግን አይሳሳትም። አንድ ቀን ነጠላ የለበሰች ፍየል፣ ባጃጅ የሚነዳ ጭላዳና ማኅተም ይዞ የሚያንቀላፋ ጅብ ሣልኩና እንደ ሰው አነጋገርኳቸው። ወረቀቱን ለሁለት አጥፌ፣ መሐሉን በስቴፕለር መትቼ ትንሽ መጽሔት አደረግኩት። አሳታሚውም አከፋፋዩም እኔው ነኝ።

ቀድማ የወደደችው ነርሷ ሰብለ ናት። ጤና ጣቢያ ወስዳ ወረፋ ለሚጠብቁ ሰዎች ሰጠቻቸው። ከዚያ ባጃጅ ነጂው እንድሪስ መጣ። «ጭላዳው እኔ ነኝ!» እያለ ለተሳፋሪው ሁሉ ያሳያል። አንዱ ቅጂ በአንድ አስተማሪ እጅ ገጠር፣ ብልባላ ድረስ ሄዶ፣ ጠርዙ ተበልቶ ተመለሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ አንባቢዎቼ ሱቄ በር ላይ ተሰብስበው ይከራከራሉ። ፍየሏ ጅቡን ታግባ አታግባ ተብሎ ሁለት ሰዎች ሲኳረፉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለአራተኛው እትም አዲስ ገጸ ባሕርይ ፈለግኩ። ሩቅ አልሄድኩም። ከወልድያ የሚመጣው መኪና ከሰዓት በኋላ ሲገባ፣ አንድ ሽማግሌ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው በየቀኑ መናኸሪያው በር ላይ ይቆማሉ። የሚወርደውን ሰው እስከ መጨረሻው አይተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አያ ሞላ ይባላሉ። ልጃቸው በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ብሎ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፁ አልተሰማም። ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም።

እኔም ጃንጥላ የያዘ፣ ውርንጭላውን የሚጠብቅ ሽማግሌ አህያ ሣልኩ። አያ ሞላን አላስፈቀድኳቸውም። እንስሳ ነው፣ ማን ያውቀዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አንባቢዎቼ ከሁሉም አብልጠው የወደዱት አህያውን ሆነ። ሰብለ አለቀሰች። «ልጁን አምጪለት!» ያላለኝ ሰው የለም። እሺ አልኩና በአምስተኛው እትም መጨረሻ ውርንጭላውን ከመኪና አወረድኩት። አባትና ልጅ ተቃቅፈው ቆመዋል። ለቅዳሜ እንዲደርስ ዐርብ ጠዋት አባዝቼ ጨረስኩ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ሞላ ሱቄ ገቡ። በእጃቸው አራተኛው እትም አለ። በእኛ አገር ሰውን አህያ ማለት ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል።

ወንበር ሰጠኋቸው። መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

መካድ እችል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። «አዎ፣ አያ ሞላ። ይቅር ይበሉኝ። ልሰድብዎ ብዬ አይደለም።»

«አህያማ ምን አለው» አሉ። «ዕድሜ ልኩን እህሌን ሲሸከምልኝ የኖረ ነው። ክፉ አልሠራብኝም።» ከዚያ መጽሔቱን ወደኔ ገፋ አድርገው «ፊደል አልቆጠርኩም። አፉ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። አህያው «ዛሬ መኪናው ሞልቷል፤ ነገ ይሻላል» ይላል።

ቀና ብለው አዩኝ። «እኔም ለራሴ የምለው እንዲሁ ነው። ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም፤ ዝም ብዬ የጻፍኩት ነበር። «ቀጥሎስ?» ሲሉኝ ደስ ላሰኛቸው ብዬ አዲሱን እትም አወጣሁና የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩላቸው። ብዙ ደቂቃ አዩት። ጣታቸውን ውርንጭላው ጆሮ ላይ አሳረፉ።

«መጣለት?»

«መጣለት።»

«እሰይ» አሉ። ፊታቸው ላይ ግን እሰይ የለም። መጽሔቱን ቀስ ብለው ዘጉት።

«ልጄ፣ ካላስቸገርኩሽ አንድ ነገር ልለምንሽ። አታምጪው።»

«ለምን፣ አያ ሞላ?»

«እዚያ በር ላይ ቆመን የምንጠብቅ እኔና እሱ ነን። የሱ ልጅ ከመጣ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ።»

መኪናው ጡሩምባውን ሲነፋ ተነሥተው ወጡ።

ያን ቀን እስኪመሽ የመጨረሻውን ገጽ እንደገና ሣልኩና አባዝቼ በቀድሞው ተካሁት። መኪናው ባዶውን ቆሟል፤ አህያው ጃንጥላውን እያጠፈ ነው። በማግስቱ ሰብለ «ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። እንድሪስ እንኳ፣ ሰው ሲከፋው «አብሽሪ» ማለት የማይታክተው ሰውዬ፣ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን እትም ሳላባዛው በፊት ለአያ ሞላ አነብላቸዋለሁ። አንዳንዴ ያርሙኛል። «አህያው ሲደክመው በግራ እግሩ ነው የሚያርፍ» ይሉኛል። ልክ ማድረጌን ግን እንጃ። ሰውዬውን በጥበቃቸው ላይ ቆልፌባቸው ይሆን ብዬ የማስብበት ቀን አለ።

ባለፈው ወር ጉንፋን ጥሏቸው ሦስት ቀን ሳይመጡ ቀሩ። በመጀመሪያው ቀን መኪናው ሲገባ በሩ ላይ ማንም የለም። ሥራ እምቢ አለኝ። ሱቄን ዘጋሁና ሄጄ ቆምኩ። በፎቶ እንኳ አይቼው የማላውቀውን ልጅ በወራጁ ሁሉ ፊት ላይ ፈለግኩ። ሦስቱንም ቀን እንዲሁ አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን ወደ አሸተን ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ማን ማን ወረደ?» አሉኝ፣ ከተኙበት ቀና ብለው።

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዶሮ ያቀፈች ሴት፣ ከሕክምና የተመለሱ ቄስ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ ፍራሽ የተሸከመ ጎልማሳ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «ነገ እኔ እሄዳለሁ።»

አንባቢዎቼ ዛሬም ስለ አህያው ሲጠይቁኝ እፍረትም ደስታም ይሰማኛል። የሰው ሐዘን ሳልጠይቅ ወስጄ ነበር። ባለቤቱ መጥተው ሊቀሙኝ ሲችሉ፣ አብረን እንያዘው አሉኝ።