ዘውዲቱን በእንግሊዝኛ ስፈልጋት

ወንድሜ ዓለሙ፣

ለሰፈራ ከወረኢሉ በወጣን ማታ ዘውዲቱ ውሃ ልጠጣ ብላ ከሰልፉ ወጣች፤ በዚያው ሌላ መኪና ላይ ጫኗት። እኔ ከተጫንኩበት ሆኜ "ኧረ ሚስቴ ናት!" ብዬ ስጮህ ካድሬው "አሶሳ ትገናኛላችሁ" አለና በሩን ዘጋው። ይኸው አሶሳ ነኝ፤ እሷ ግን የለችም።

አገሩ እንዴት ነው ትሉኝ ይሆናል። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ራስ ያዞራል፤ ጋቢዬን ትራስ አድርጌዋለሁ። ቤታችን ቀርከሃ፣ ምግባችን የበቆሎ ገንፎ ነው። ማንጎው ይጥማል፣ አልዋሽም። እሱንም ቢሆን የተከሉት የአገሩ ሰዎች እንጂ "ሁሉም ተዘጋጅቶላችኋል" ያሉን አይደሉም። ካድሬያችንን ብታየው! ከመጣን ወዲህ የወፈረ እሱ ብቻ ነው። ስለ ዘውዲቱ በጠየቅሁት ቁጥር "ሁኔታው ሲፈቅድ..." ይልና መንገዱን ይቀጥላል።

አንድ ቀን ፈረንጆች ሊጎበኙን ነው ተባለ። ስድስተኛ ክፍል የደረስን ሰዎች እንግሊዝኛ እንድናጠና ታዘዝን። ከከተማ የዘመተ መምህር ማንጎ ሥር ሰብስቦ፣ ዓረፍተ ነገር አራት ዓይነት ነው አለን፤ የሚናገር፣ የሚጠይቅ፣ የሚያዝና የሚያደንቅ። ክሎዝ የሚሉትን የዓረፍተ ነገር ክፍልም አስተማረን። "ሲፈቅድ" ዓይነቱ ጥገኛ ነው፣ ለብቻው አይቆምም፣ ሰሚው ቀሪውን ይጠብቃል አለ። ሳቄ መጣ። የኛ ካድሬ ሙሉ ደመወዝ የሚበላው በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነዋ!

ካድሬው ራሱ መጥቶ አዳመጠን።

"ጥያቄ ምን ያደርግላቸዋል?" አለው መምህሩን።

"ጓድ፣ ቋንቋ ያለ ጥያቄ..."

"የሚናገረው ይበቃል። ደስ ብሎናል፣ ጠግበናል ይበሉ።"

መምህሩ የጥያቄውን ዓይነት ከሰሌዳው አጠፋ። እኔ ግን አንዷን በልቤ ይዣት ነበር።

ፈረንጆቹ መጡ። ሰፋሪው ስብሰባ ላይ እንደለመደው ተናጋሪ ዝም ባለ ቁጥር ያጨበጭባል። አንዱ "ዊ አር ሃፒ" አለ፤ ተጨበጨበ። ሌላው "ዊ ኢት ዌል" አለ፤ ተጨበጨበ። ተራዬ ሲደርስ "ዌር ኢዝ ማይ ዋይፍ?" አልኩ፤ ሚስቴ የት ናት ማለቴ ነው። ቀውጢ ሆነ! ስለ ዘውዲቱ አብረውኝ ያለቀሱ ጎረቤቶቼ መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡልኝ። ከፈረንጆቹ አንዷ ጎንበስ ብላ "ሶሪ?" አለችኝ። ካድሬው መሃል ገብቶ "ሂ ሴይ ታንክ ዩ" አላት። እሷም ፈገግ ብላ አጨበጨበች። ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሲበተን ማንጎ የሚሸጥልን የአገሩ ሰው፣ ሼህ አብደላ፣ አጠገቤ ቁጭ አለ።

"አንተ ለምን ያለቅሳል?"

ነገርኩት።

"ሚስት ስሙ ማነው? እኔ ባምባሲ ይሄዳል። ወላሂ፣ ይጠይቃል።"

ያን ሁሉ ጊዜ ስሟን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። በሳምንቱ ከባምባሲ፣ ከሌላው የሰፈራ ጣቢያ፣ ተመለሰ።

"ሚስት ያንተ ባምባሲ አለ፣ ደህና ነው። 'ባሌ ለምን አይመጣም?' አለ።"

የይለፍ ወረቀት ልለምን ወደ ካድሬው ሮጥኩ። ጥርሱን እየፋቀ "ሁኔታው ሲፈቅድ" አለኝ።

ነገ ጠዋት ለስብሰባ ሲጠሩን እኔ የባምባሲ መንገድ ላይ ነኝ። ያለ ፈቃድ የወጣ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ፤ እፈራለሁ። የዘውዲቱን ጥያቄ ግን ከዚያ የበለጠ እፈራለሁ። እናታችን ስለ እኛ ከጠየቀችህ፣ ደስ ብሏቸዋል፣ ጠግበዋል በላት።