ቂጡ ያልተቀባ ጥይት

ያልሠራሁትን ሠራህ ተባልኩ። ማንበብ ስለማይችል ባሩዱን አሳስቶ የሽማግሌ እጅ አፈነዳ ተባልኩ። ስሜ በተኩስ ክለቡ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ የባሩድ ፈቃዴም ተወሰደ። እውነቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ዝም አለ።

ከመጀመሪያው ልናገር። ፍራንክፈርት ስመጣ ፊደል አልቆጠርኩም። የምድር ውስጥ ባቡሩን በመስመሩ ቀለም፣ ዚንድሊንገን አጠገብ በምሠራበት የኬሚካል ፋብሪካ ደግሞ በርሜሎቹን በክዳናቸው ቀለም ነበር የምለየው። በሠላሳ አራት ዓመቴ ሚስቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሀሁ አስቆጠረችኝ። የጀርመኑን ፊደል አርባ ሊሞላኝ ሲል የማታ ትምህርት ገብቼ ተማርኩ። አላፍርበትም።

እንዲህ ያለ ሰው የፈረንጅ ተኩስ ክለብ ምን ይሠራል? ይሉኛል የአገሬ ሰዎች። አንድ የፋብሪካ ባልደረባዬ ወሰደኝ፤ ወደድኩት። ዒላማው ላይ ያለውን ቀዳዳ ያዩና ያጨበጭባሉ ወይም ይስቃሉ፤ ቅጽ ሙላ የሚል የለም። ቅጹ በኋላ መጣ፤ ጀርመን አገር አይደል!

ጥይት መሙላት ያስተማረኝ ቦርንሃይም የሚኖር ጡረታ የወጣ ቁልፍ ሠሪ ነው። ያኔ አንቱ እላቸው ነበር፤ እዚህ ግን አንተ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ። የሁለታችንም ሽጉጥ አንድ ዓይነት ነበር፤ ስድስት ጎራሽ፣ አፈ ሰፊ፣ ሲተኮስ ክንድን እስከ ትከሻ የሚነቀንቅ። የሱቁ ጥይት ያንገላታሃል፤ ራስህ ስትሞላ ግን ለእጅህ የሚስማማውን ታበጃለህ። የተተኮሰውን ቀለሃ አጽድተህ፣ ቂጡ ላይ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን አዲስ ካፕሱል ተክለህ፣ ባሩድ መዝነህ ጨምረህ፣ በእርሳሱ ትደፍነዋለህ። ሥራው ይኸው ነው፤ አደጋውም ይኸው ነው። ቀለሃው ትልቅ፣ ባሩዱ ጥቂት ስለሆነ፣ ልብህ ሌላ ቦታ ሄዶ ሁለት ጊዜ ብትጨምር አይፈስም፣ አይጮህም። የሚጮኸው ስትተኩሰው ነው።

"ስትሞላ ሬዲዮ የለም፣ ቢራ የለም፣ ወሬ የለም" ይለኝ ነበር ሽማግሌው። ምክሩን ያዝኩ፤ ኮርሱንም ተፈትኜ አለፍኩ፤ ፈቃዱን አገኘሁ።

የራሴን ዘዴ ደግሞ ጨመርኩበት። ባዶዎቹን ቀለሃዎች ሁሉ አፋቸውን ደፍቼ አቆማለሁ። አንዱን ብቻ አንስቼ እሞላለሁ፣ ውስጡን በባትሪ አያለሁ፣ እርሳሱን እደፍናለሁ፣ ከዚያ ቂጡ ላይ በሚስቴ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደርጋለሁ። የዚያን ቀን ቀለሙ አረንጓዴ ከሆነ ደብተሬም ላይ አረንጓዴ ነጥብ አድርጌ፣ የትኛውን ባሩድ ስንት ቀለሃ ውስጥ እንደጨመርኩ ባማርኛ እጽፋለሁ። ቂጡ ያልተቀባ ጥይት ከእጄ አይወጣም። ፊደል አሳስቶኝ ያውቃል፤ ቀለም ግን አንድም ቀን አላሳሳተኝም።

"ጥፍሬ ባዶ፣ ጥይትህ ሙሽራ!" ትለኝ ነበር ሚስቴ።

በፈረንጆቹ 2012፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሽማግሌው "እስቲ ያንተን ልሞክር" አለኝና አንድ ሳጥን አረንጓዴ ይዤለት ሄድኩ። ከራሱ ሳጥን ጎን አስቀመጥኩለትና ወደ ራሴ መስመር ዞርኩ። ሦስተኛው ተኩሱ ድምፁ ሌላ ነበር። ቀና ስል የሽጉጡ ተሽከርካሪ የጥይት ቤት ተሰንጥቋል። ሽማግሌው እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል፤ የሌባ ጣቱ ጫፍ የለም። ጠረጴዛው ተገልብጦ የሁለታችን ጥይት ወለሉ ላይ ተቀላቅሏል።

የክለቡ ሊቀመንበር እየሮጠ መጣ። ደሙ ሳይቆም፣

"የማን ጥይት ነው?" አለ።

ሽማግሌው እኔን አየ። ምንም አላለም። ማየቱ በቃ።

"ጠርጥሬ ነበር!" አለ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ። "የባሩዱን መጠን ሰንጠረዥ አሳስተህ አንብበህ ነው!"

"የኔ ጥይት ቀለም አለው፤ ቂጡን እዩት!" አልኩ።

"ኧረ? በሚቀጥለው ሊፕስቲክም ቀባልን!"

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ሰው ደም እየፈሰሰው ሳቁ!

በሳምንቱ ስሜ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ ጠበቀኝ፤ "በስህተት በተሞላ ጥይት አደጋ ስላደረሰ ታግዷል" ይላል። ፖሊስ ወለሉ ላይ ያገኘውን ሁሉ በአንድ ከረጢት ለቅሞ ወስዷል። ስለ ቀለሙ ብነግረው "ለአምቱ ንገር" አለኝ። አምቱ፣ ማለት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ነገሩ እስኪጣራ ብሎ ፈቃዴንም ባሩዴንም ሽጉጤንም ወሰደ። ጥፋቱ የኔ ነው ከተባለ "የማይታመን ሰው" የሚል ቃል ፋይሌ ውስጥ ይገባል፤ የማይታመን ሰው ደግሞ በዚህ አገር ባሩድ አይነካም።

ያንገበገበኝ ያ ቃል ነው። ቀኑን ሙሉ መርዛም ዱቄት በሚዛን የምመዝን ሰው ነኝ! ፋብሪካው ውስጥ ተሳሳትክ ያለኝ የለም። ደግሞስ ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው ቁጥርን እንደ እናንተ በዓይኑ ዘልሎ አያልፍም፤ በጣቱ እየነካ ነው የሚያነበው።

ሽማግሌው ከሆስፒታል እንደወጣ ቤቱ ሄድኩ። በሩን ከፍቶ የታሸገ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ።

"ያጎረሱት የማንን ነበር?" አልኩት። አንቱታው ገና ከምላሴ አልወረደም።

"ያንተ ነው አላልኩም።"

"የራሴ ነውስ ብለዋል?"

"እኔ ምንም አላልኩም።"

"አዎ፣ ምንም አላሉም! ነገሩ እሱ አይደል!"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አርባ ዓመት ሞልቻለሁ። ይህን ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል? አንተ ገና ነህ፤ ያንተ ይመለሳል።"

ከኋላው ካለው ክፍል ሬዲዮ እግር ኳስ ያስተላልፋል። የመሙያ ማሽኑ አጠገብ የተጋመሰ የቢራ ጠርሙስ ቆሟል። ሁሉም ገባኝ። በሩን እኔው ዘጋሁለት።

ጥር ላይ አምቱ ዘንድ ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ ደረሰኝ። ጉዳዩን የያዘችው ሴትዮ የአሞላል ማስታወሻ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ደብተሬን ሰጠኋት። ገለጥ ገለጥ አደረገችው።

"ይህን ማንበብ አልችልም።"

"እኔም የእናንተን እስከ አርባ ዓመቴ አልቻልኩም ነበር" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። "አስተርጓሚ እንፈልጋለን። ይህ አረንጓዴ ነጥብ ምንድነው?"

በሦስት ወር ውስጥ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት! ነገርኳት። ስልክ አንስታ ሽጉጡን ወደሚመረምረው ባለሙያ ደወለች። "በተሰነጠቀው ውስጥ ያሉት ቀለሃዎች ቂጣቸው ላይ ቀለም አለ?" አለችው። ጠበቀች። "ስድስቱም? አንዱም ላይ የለም?"

ከዚያ ከረጢቱን ከፍተው ለያዩ። አረንጓዴዎቹን ፈትተው መዘኑ፤ ሁሉም እኩል። ያልተቀቡትን ፈትተው መዘኑ፤ አንዱ ጭራሽ ጎዶሎ፣ ሌላው እጥፍ። በየካቲት ደብዳቤ መጣ። የኔ ፈቃድ ተመለሰ፤ የሽማግሌው ተወሰደ።

ሊቀመንበሩ የድሮውን ወረቀት ቀዶ "ጉዳዩ ተጣርቶ ተዘግቷል" የሚል ለጠፈ። ስም የለም። ሲከሱኝ ስሜ በጉልህ፣ ነጻ ሲያወጡኝ ስም የለሽ!

"ስሜን ጻፉ" አልኩት።

"ፈቃድህ ተመልሶልሃል። ሌላ ምን ፈለግህ?"

"ስሜን።"

"ግትር ነህ።"

"ነኝ። ስሜን።"

ክለቡ በሚከፈትበት በየሐሙሱ ሄድኩ። አልተኩስም፤ ሰሌዳው ሥር ቆሜ፣ ሰው እያየኝ ሲያልፍ እያየሁት፣ እመለሳለሁ። በአራተኛው ሐሙስ ሽማግሌው መጣ። ባጠረ ጣቱ እስክሪብቶውን እንደምንም ይዞ፣ ወረቀት ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጻፈ፦ የፈነዳው የኔ ጥይት ነው፤ የሞላሁት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ስሜን ሙሉውን ጽፎ፣ ጥፋት የለበትም አለ። ፈረመ፤ ለጠፈው።

በጣቴ እየነካሁ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀን አልጻፈበትም ነበር። እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀብዬ እኔው ጻፍኩበት፦ ማርች 14 ቀን 2013።