የአባቴ አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዐረብ አገር፣ ጅዴይዴ ሰፈር ባለችው ጸጉር ቤቴ የአንዲት ልጅ ሹሩባ እየሠራሁ ሳለ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ አንገቷን ቀበረች። እኔ እጄን ከጸጉሯ ሳላነሣ፣ "አይዞሽ፣ ኸላስ፣ አልፏል" አልኳት። ድንጋጤዋ ሲበርድላት ዓይኗ መስተዋቱ ጥግ ላይ ከሰካኋት አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ አረፈ። የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት፣ ከኋላው የጦር አውሮፕላን።

"እትዬ ብርቄ፣ አባትሽ ፓይለት ነበሩ እንዴ?"

ይህን በተጠየቅኩ ቁጥር ጅዶ ትዝ ይሉኛል።

ወጣት ሳለሁ ሐዝሚዬ በሚባል ሰፈር ዳገቱ ላይ ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጅዶ የማዳሜ አባት ናቸው። ጅዶ ማለት በነሱ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ይጠራቸዋል። ዕድሜያቸውን መዝረዓ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረዋል። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ፣ እሳቸው ካሜራቸውን አንጠልጥለው ወደ ጣሪያ ይወጡ ነበር አሉ። ሚስታቸው ይህን ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅር አላሏቸውም። እኔም ብሆን አልልም ነበር።

እዚህ አገር ብርዱና ዝናቡ ተያይዘው ነው የሚመጡት። አንድ የብርድ ወራት ላይ ምድር ቤቱ ውሃ ገባበትና የቤተሰቡ ፎቶዎች ከነአልበማቸው ረጠቡ። ከጀርባቸው የተጻፈው ሁሉ ታጠበ፤ የቱ በፊት የቱ በኋላ እንደተነሣ የሚያውቅ ጠፋ። ጅዶ ታዲያ ምድጃው አጠገብ ጠረጴዛ አስቀረቡና፣ ምድጃው ላይ የደረደርኩላቸው የመንደሪን ልጣጭ እየሸተተ፣ ፎቶዎቹን በማጉሊያ መነጽር መመርመር ጀመሩ። የሚያዩት ሰዎቹን አይደለም፤ ሰማዩን ነው። በልጆቹ ራስ ላይ ዝንብ የምታህል ነገር ካገኙ ከድሮ የፈረንሳይኛ መጽሔቶቻቸው ጋር ያስተያዩና፣ "ይቺ ወደ ሰማያችን የመጣችው ከዚያኛው በጋ በኋላ ነው፤ ያኒ፣ ማለትም፣ ልጄ እዚህ ላይ ስድስት ዓመቷ ነው" ይላሉ። የልጅ ዕድሜ በጥርሱና በቁመቱ ሲገመት አይቻለሁ፤ በአውሮፕላን ሲቆጠር ግን እዚያ ቤት ብቻ ነው ያየሁት። በጣም ገረመኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና ከሻንጣዬ ፎቶዬን አወጣሁ። "ጅዶ፣ የኔም አንድ አለ" አልኳቸው።

ታሪኩንም ነገርኳቸው፤ ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት ደብረ ዘይት፣ የኦጋዴን ጦርነት በተጀመረበት ወር ነው። አባቴ የጦሩ ሾፌር ነበር፤ ከዘመተበት አልተመለሰም። እናቴ፣ "ለጥቂት ቀን መጥቶ አቅፎሻል፤ ብርቅነሽ ብሎ ስምሽን ያወጣው እሱ ነው፤ ያን ጊዜ የተነሣው ፎቶ ይኸው" ትለኝ ነበር። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ግን ሰው በተሰበሰበበት፣ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ወንድሜ የሞተው ገና ጦርነቱ ሲጀመር ነው፤ ልጅ አላየም፣ ስምም አላወጣም" ትል ነበር። እናቴ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዳለች ሞተች። አልጠራም ነበር።

ጅዶ ፎቶዬን ወስደው ሰነበቱ። አንድ ቀን ለምሳ ድንች ስልጥ ከሳሎን ጠሩኝ።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ተቀመጪ።"

በዚያ ቤት ሳሎን ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ማዳሜ ከወጥ ቤት፣ "ባባ፣ ልጅቷን ተዋት፣ ምሳው አልደረሰም!" ብላ ጮኸች። "ፓርዶን፣ ምሳው ይጠብቅ" አሉ ጅዶ፤ ወደ እኔም ዞረው፣ "ይህ አውሮፕላን በርሮ አያውቅም። ጨርቅ ነው" አሉኝ።

"እንዴት ጨርቅ ይሆናል?"

"ክንፉን የሚያቋርጠው መስመር እጥፋት ነው፤ በዚህ እኔን ማንም አያታልለኝም። የአባትሽ ጥላ ደግሞ ሰማዩ ላይ አርፏል። ሰማይ ላይ ጥላ አያርፍም።"

ያገሬ ፎቶ ቤቶች ከሰው ኋላ ሥዕል ያለበት መጋረጃ እንደሚሰቅሉ አላውቅ ኖሮ አይደለም። ፏፏቴው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ መኪናው፤ እኔም ፊቱ ቆሜ ተነሥቻለሁ። የአባቴ ሲሆን ግን አውሮፕላን እንጂ መጋረጃ ታይቶኝ አያውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላና ልነሣ አልኩ።

"ቁጭ በይ፣ አልጨረስኩም" አሉ። ማጉሊያውን እጄ ላይ አስቀመጡ። "ክንፉ የአሜሪካኖቹ ነው፤ ጫፉ ላይ የነዳጅ በርሜሉን አየሽ? አፍንጫው ግን የሩሲያኖቹ ነው፤ ክብ አፍ፣ መካከሉ ላይ ሾጣጣ። ቀለሙ በፊተኛው ላይ የተደረበ ነው። ከተማችሁ የአየር ኃይል ከተማ ነው ብለሽኛል። አዲሶቹ የሩሲያ አውሮፕላኖች ሲመጡ ወታደሮቹ እንዳይስቁበት ባለፎቶ ቤቱ መጋረጃውን አሳድሷል።" መጽሔቱን ገለጡልኝ። "እነዚህ ደግሞ አገራችሁ የገቡት ጦርነቱ ከተጀመረ ከወራት በኋላ ነው።"

ፎቶዬን ከመጽሔቱ አጠገብ አስቀመጡት።

"ፎቶው የተነሣው ከዚያ ወዲህ ነው። አባትሽ አንቺ ስትወለጂ በሕይወት ነበረ፣ ያ ቢንቲ። እናትሽ አልዋሸችም።"

አለቀስኩ። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ማዳሜ ልትቆጣ መጥታ ሁለታችንንም አየችና ተመልሳ ድንቹን ራሷ ልጣ ጨረሰች።

ጅዶ ካረፉ ቆይተዋል። ስንት የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ የሰው ፎቶ እንደዚያ አክብሮ የሚያይ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። አውሮፕላን ለሰው አባት ሲመልስ ያየሁትም በሳቸው እጅ ብቻ ነው።

ለልጅቷ፣ "ፓይለት አልነበረም፣ አውሮፕላኑም መጋረጃ ነው" አልኳት። ሳቋ አመለጣት።

"ታዲያ ምን ብለሽ ሰቀልሽው?"

"ስሜን ያወጣልኝ እሱ ነው" አልኩና ሹሩባዋን ቀጠልኩ።